ሃቢብና የሚታጠፈው ቢላ

ኮሎምበስ ውስጥ በክሊቭላንድ አቬኑ ከተደረደሩት የሐላል ሥጋ ሱቆች መሃል የሱሀይል ሱቅ ትልቁ አይደለም። ንጹሑ ነው ብሎ የሚምልለትም አይገኝም። ሰዉ ግን ከዌስተርቪልም ከኢስትሙርም መኪናውን አስነስቶ፣ በመንገዱ ያሉትን ሱቆች ሁሉ አልፎ እዚያ የሚመጣው የቆራጩን የሃቢብን እጅ ብሎ ነው። ሃቢብ ከሌለ "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ ባዶ እጁን የሚወጣው ብዙ ነው። ሱሀይል ራሱ "በሩ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ይሁን እንጂ ሱቁስ የጋሼ ሃቢብ ነው" ይላል። ሲደሰትም ይላታል፣ ሲከፋውም ይላታል፤ ሲከፋው ትንሽ መረር ትላለች።

ሃቢብ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ቢላ የጨበጠው ገና በልጅነቱ በአጎቱ ልኳንዳ ቤት ነው። ጂዳ ሄዶም ሥጋ ቆረጠ፣ ኮሎምበስ መጥቶም ሥጋ ቆረጠ። አብረውት የመጡት ትምህርት ቤት ገቡ፣ ትራክ ነዱ፣ ቤት ገዝተው ሸጡ፤ እሱ ከመቁረጫው ጣውላ ፊት ፈቀቅ አላለም። ሽንጡን ሲያወጣ አፉ ከደንበኛው ጋር ያወራል፣ እጁ ሥራውን ለብቻው ይሠራል። ዝልዝል ሲዘለዝልማ ሒሳቡን ከፍሎ የጨረሰ ሰው እንኳ ቆሞ ያየዋል። ሱሀይል የሥጋውን አንድ ጫፍ ይይዝለታል፤ እሱ ከላይ ወደ ታች ይሰነጥቃል፣ ሊበጠስ ሲል ገልበጥ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ይመለሳል፤ ያቺው ቁራጭ እየተዘረጋች እየተዘረጋች እንደ ሻሽ ትንጠለጠላለች። በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። ሌላ የሚኮራበት ብዙ ነገር ስላልነበረው ማንም አልፈረደበትም።

ስኳር እንዳለበት የተነገረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዶክተሩ መድኃኒቱን አዞለት ሲያበቃ "መራመድ አለብህ" አለው። ሃቢብ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቆሞ የሚውል ሰው ስለሆነ ነገሩ አናደደው። ሚስቱ ዙልፋ ግን የምትለቅ ሴት አይደለችም። ዌስተርቪል ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ናት፤ ስኳር ሰውን ምን እንደሚያደርግ ሌላው በወሬ የሚያውቀውን እሷ በእጇ እያጠበች አውቃዋለች። "ብቻዬን ይደብረኛል ካልክ ከቶሎሳ ጋር ሂድ" አለችው። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ፤ ሄደ።

ቶሎሳ፣ ሃቢብ አሜሪካ በገባበት ሰሞን ሊንደን ሰፈር ውስጥ በራቸው ጎን ለጎን የነበረ ጎረቤቱ ነው። በኋላ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ አለቃ ሆነ፣ ቤቱንም ወደ ዌስተርቪል አዛወረ፤ ወዳጅነታቸው ግን ባለበት ቀረ። ቶሎሳ ጴንጤ ነው፣ እሑድ እሑድ በአማርኛው ቤተ ክርስቲያን ከዘማሪዎቹ ጋር ይቆማል። ሃቢብ ጁምዓ የማያስታጉል ሰው ነው። በሃይማኖት ተከራክረው አያውቁም። የሚከራከሩት በሰንጢ ነው።

ቶሎሳን የሰንጢ ፍቅር ይዞታል። ከእግር ጉዞና ከካምፒንግ ጋር የመጣበት ፍቅር ነው። አንዷ ኪሱ ውስጥ፣ አንዷ ቦርሳው ውስጥ፣ አንዷ መኪናው ውስጥ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሻሮን ዉድስ ፓርክን ዞረው ሲጨርሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይልና አንዷን መዥረጥ አድርጎ ደረቅ እንጨት እንደ ላባ ስስ አድርጎ ይልጋል፤ እሳት ቶሎ የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ነው ይላል። ገመድ ይቆርጣል፣ የድንኳን ካስማ ይቀርጻል፣ ብርቱካን ይልጣል። ሲጨርስ ማጠፊያዋን በጨርቅ ጠራርጎ ዘይት ጠብ ያደርግባታል። ሚስቱ ሮማን እንዲህ ተደርጌ ተይዤ አላውቅም ስትል የምትቀልድ ብቻ አትመስልም።

"ኮምቦልቻ እያለን ሰንጢ ይዞ የሚዞረው ማን እንደነበር ታውቃለህ?" ይለዋል ሃቢብ። "የኪስ ሌባ። የኋላ ኪስህን ተርትሮ እብስ የሚል።"

"አሁን ያለኸው ኦሃዮ ነው።"

"ሌባ እዚህም አለ። ደግሞስ ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ቢላ፣ ቢላ ነው እንዴ?"

ቶሎሳ ይስቃል። የሥጋ ቆራጭ ኩራት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሃቢብ ሰንጢን የሚሸሽበት ምክንያት ሌላ መሆኑን ቶሎሳ አላወቀም፤ ዙልፋም አላወቀችም፤ ሃቢብ እንዳያውቁ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጓል።

ነገሩ የጀመረው ከእግሩ መደንዘዝ ነው። ቀስ ብሎ ወደ እጁ ጣቶች መጣ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ እጁን ሲታጠብ የአጥንት ስንጣሪ አውራ ጣቱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘ። መቼ እንደገባ አላወቀም። በወረንጦ ሲያወጣው አላመመውም፤ ያስደነገጠውም አለማመሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሌላውንም ማስተዋል ጀመረ። የሸሚዙን ቁልፍ ካላየው አይቆልፈውም። ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍና ሳንቲም በዳበሳ አይለይም። ሱቅ ውስጥ ግን ማንም አልነቃበትም። ግራ እጁ ላይ የብረት መረብ ጓንት ያጠልቃል፤ በቀኙ የቢላውን ወፍራም እጀታ በመዳፉ ሙሉ ይጨብጣል፣ መዳፉ ደግሞ ገና ደህና ነው። ሰንጢ ግን በመዳፍ አትሠራም። የምትከፈተውም የምትቆለፈውም የምትታጠፈውም በጣት ጫፍ ነው፤ ሃቢብን የከዳው ደግሞ የጣቱ ጫፍ ነው።

ለዶክተሩ ቢነግረው ከስለት ራቅ ይለዋል። ለዙልፋ ቢነግራት ይዛው ዶክተሩ ዘንድ ትሄዳለች። ሱሀይል ከሰማማ የኢንሹራንሱን ነገር ሳያነሳ አያድርም። "ቢላ ያልያዘ ሃቢብ ምኑ ነው ሃቢብ?" ብሎ ራሱን ጠየቀና ነገሩን ለራሱ ያዘው። አንዳንዱ ይህን ዝምታ ጥንካሬ ይለው ይሆናል። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሙቀቱ ገባ ባለ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ቶሎሳ ከጃኬቱ ኪስ ያልተከፈተች ትንሽ ካርቶን አወጣ።

"ይቺ ያንተ ናት" አለ። "ምንም ነገር አልነካችም። የእኔዎቹ ምን ምን እንደነኩ ጌታ ነው የሚያውቀው። ካምፕ ስንወጣ ብርቱካን እንኳ በእነሱ የማትቆርጠው ለዚያ መሆኑን የማላውቅ መሰለህ? ይቺ የሐላል ናት። ሥጋህን ትቆርጥባታለህ፣ ሌላ ሰው አይነካትም።"

ሃቢብ ሆዱ ባባ። ለስንት ዓመት አንገቱን ደፍቶ በፕላስቲክ ቢላ ሲታገል የኖረውን ይሄ ሰው ለካ ልብ ብሎታል። ሊያመሰግነው እያሰበ ካርቶኑን ከፈተ። ቶሎሳ ግን ትምህርቱን ጀምሯል።

"ቁጭ ብለህ ነው የምትቆርጠው። እጅህ የሚደርስበት ቦታ ሰው አይቁም። ስለቷ ወደ ራስህ አይዙር። ስትከፍታት ደግሞ እስከ መጨረሻው ግፋት፤ ጠቅ ስትል አውራ ጣትህ ላይ ይታወቅሃል። ጠቅ ካላለች ሎክ አላደረገችም ማለት ነው፤ በጀርባዋ ከተጫንካት መጥታ ጣትህ ላይ ትዘጋለች። እስኪ ሞክራት።"

ሃቢብ ሞከረ። ስለቷ ወጣች። ጠቅ ትበል አትበል ጣቱ አልነገረውም። "ሽበት ካወጣሁ በኋላ ሌባ ልታደርገኝ ነው" ብሎ ሳቀና አጥፎ ኪሱ ከተታት። ቶሎሳም ሳቀ፤ ወዳጁ ስጦታውን ስለወደደለት ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃቢብ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን እየዘጋ ይለማመድ ጀመር። ጣቱ የማይነግረውን ዓይኑ እንዲነግረው አደረገ። ስለቷ ስትወጣ እጀታዋ ውስጥ ያለችው ቀጭን ብረት ወደ ጎን ትንቀሳቀስና ከስሯ ትገባለች፤ ያቺን ብረት አይቶ ካረጋገጠ ተቆልፋለች። ስትታጠፍም ጣቶቹን አንድ በአንድ እያየ ከመንገዷ ያነሳል።

"ምንድነው ጠቅ ጠቅ የሚለው?" አለች ዙልፋ አንድ ጊዜ ከውጭ።

"ጥፍሬን እየቆረጥኩ ነው።"

"የስንት ሰው ጥፍር ነው?"

ውኃውን ከፈተው። እሷም ሥራ ይዛ ስለነበር አልገፋችበትም።

ሰኔ ላይ ሁለቱ ቤተሰብ ሆኪንግ ሂልስ ለካምፕ ወጡ። ቶሎሳና ሮማን ቀድመው ደርሰው ድንኳናቸውን ተክለዋል። ሃቢብና ዙልፋ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጃቸውን ጀነትን ይዘው ከሰዓት በኋላ ገቡ። ሥጋውን እንደ ወትሮው የሚያመጣው ሃቢብ ነው፤ እሱ ያረደውን ወይም የመረጠውን ሁሉም ይበላል፣ በዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ሃቢብ ቀኑን ደህና ዋለ። በአዲሲቱ ሰንጢ የድንኳን ገመድ ቆረጠ፣ ሁለት ካስማ ቀረጸ፣ የከሰሉን ከረጢት ቀደደ። ሁሉንም አጎንብሶ፣ ቀጭኗን ብረት እያየ፣ ሳይቸኩል አደረገው። ቶሎሳ ከሩቅ እያየ ደስ አለው። ሃቢብም ደስ አለው፣ እንዲያውም ልቡ ሞቅ አለ፤ ይቺን ነገር ሳላሸንፋት አልቀረሁም ብሎ አሰበ።

እሳቱ ፍም ሲሆን ሃቢብ የሥራ ቢላውን ሊያመጣ ወደ መኪናው ዞረ። ቶሎሳ ክንዱን ያዘው።

"ዛሬማ በእሷ ነው። ለምን የገዛሁልህ መሰለህ?"

"ዝልዝል በሰንጢ?"

"የኮምቦልቻ እጅ በምንም ይቆርጣል ስትል አልነበር?"

ብሎ ነበር፤ አፉን ሞልቶ ነበር ያለው። ሮማን ሳቀች። ዙልፋ እጇን ታጥባ መጥታ የሥጋውን ጫፍ ያዘች። ጀነት ስልኳን አነሳች። "አባ፣ ሉክ አት ሚ፣ ስማይል" አለችው። እሱም ቀና ብሎ ለልጁ ፈገግ አለና፣ ሲያየው እንደኖረው እንደ ቶሎሳ፣ በአንድ አውራ ጣቱ ሰንጢዋን ገፋ አድርጎ ከፈታት። ወደ እጁ አላየም።

የመጀመሪያዎቹ ዝልዝሎች ረዘሙ፣ አማሩ። ጀነት "ኦ ማይ ጋድ፣ አባ" እያለች ትቀርጻለች። ቢላ አልፎ ከታች ሲመለስ ሃቢብ አንድ የቆየ ልማድ አለው። የታጠፈውን ሥጋ የሚዘረጋው በስለቱ ጀርባ ጫን አድርጎ ነው። እንዲህ ሲያደርግ ዕድሜውን ጨርሷል፤ በማይታጠፍ ቢላ ሲሆን ምንም የለውም። ጫን አደረገ። ቢላዋ እጁ ውስጥ ላላ ስትል ታወቀው። ጅማት ነክታ ነው ብሎ ገመተ፣ በግራ እጁ ስለቷን መልሶ ዘረጋትና መቁረጡን ቀጠለ።

"ሃቢብ" አለች ዙልፋ።

"ወዬ።"

"ይሄ ደም የሥጋው አይደለም።"

እሱ ገና ፈገግ እንዳለ ነው። እሷ ግን የያዘችውን ጫፍ አልለቀቀችም፤ ደሙ በዝልዝሉ ላይ ወርዶ ወደ እጇ እየመጣ ታያለች። በቢስሚላህ ታርዶ፣ ተሰቅሎ፣ ደሙ ተንጠፍጥፎ ያለቀ ሥጋ እንዲህ እንደማይደማ የወሎ ሴት ልጅ ትነግርህ ዘንድ አያስፈልግም፣ ማንም ያውቃል። ከሁሉ በላይ ማወቅ የነበረበት ሃቢብ ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ከመሃሉ ላይ ተከፍቶ ውስጡ ነጭ ነገር ይታያል።

"አብሽሪ" አለ። "ምንም አላመመኝም።"

ጀነት ጮኸች። ቶሎሳ ፎጣውን ይዞ ተወርውሮ መጣና እጁን ጠቀለለለት፤ "ጀግና ነህ፣ አይዞህ፣ ጀግና ነህ" ይላል። ሮማን የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ትሮጣለች። ዙልፋ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። የሥጋውን ጫፍ እንደያዘች ባሏን ፊት ለፊት ታየዋለች። አላመመኝም ያለው ሰው ምን እንደነገራት ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የገባት እሷ ናት። ከዚያ ደም የነካውን ሥጋ በሙሉ ሰብስባ ከረጢት ውስጥ አስገብታ አሰረችው።

ሆስፒታል ውስጥ ጅማቱ መቆረጡን ነግረው ሰፉት። ሐኪሟ እዚህ ጋ ያምሃል ወይ፣ እዚያ ጋስ ብላ ስትጠይቀው ሃቢብ በሁሉም ቦታ "የስ፣ ያማል" አላት። ዙልፋ አጠገቡ ቆማ ሰማችው። መኪና ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ይዛ ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"እኔ ላይ እንዳትጫወት። አላመመኝም የሚለውን ቃል እኔ በየቀኑ ነው የምሰማው። ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ እግራቸውን በልቶት፣ አላመመኝም ይሉኛል። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ነገራት። አፉ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የአጥንቱን ስንጣሪም፣ የሸሚዙን ቁልፍም፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ነገራት። አለቀሰች። እሱም ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ ግን ልመና ቀደመው።

"ለሱሀይል እንዳትነግሪ። በአላህ። ከዚያ ጣውላ ላይ ካነሱኝ የት ነው የምቆመው?"

"እኔ አልናገርብህም" አለች። "አንተ ግን ትናገራለህ። ቁስሉ እስኪድን ጊዜ አለህ።"

ቁስሉ ሲድን ሰነበተ። በዚያ መሃል የታመመው ቶሎሳ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሾርባ ይዞ መጣ። በማግስቱም መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና የታሸገውን ጣት እያየ "ሎኩን እኔ ቼክ ማድረግ ነበረብኝ" ይላል። "ርካሽ ዕቃ ገዝቼ ነው። ከሱቅ ሳመጣት መፈተሽ ነበረብኝ። በእሷ ካልሆነ ብዬ ክንድህን የያዝኩትም እኔ ነኝ።" ሃቢብ "ተው እንጂ፣ የአላህ ሥራ ነው" ይለዋል። እውነቱን አይለውም። የአላህ ሥራ ማለቱ ውሸት ስላልሆነ ለጊዜው ራሱን ሃቢብን ያጽናናው ነበር። ቶሎሳ ሰንጢዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ለሥራ ባልደረባው ሰጠ። የቅዳሜውንም ጉዞ ተወ፤ ሃቢብ ሲደውልለት እግሬን አሞኛል አለ።

ቀጥሎ ሮማን ለዙልፋ ደወለች። ቶሎሳ እሑድ ዕለት ጉባኤው ፊት ወጥቶ ጸልዩልኝ ማለቱን ነገረቻት። "በእኔ እጅ ወንድሜ አካሉ ጎደለ፣ ምግብ አልበላ ብሎኛል ብሎ እያለቀሰ ነው" አለች። "ሰዉ ሁሉ ተነስቶ እጁን ጫነበት። ቤት ገብቶም አልተሻለውም። እስኪ ሃቢብ አንድ ነገር ይበለው፣ የእሱን ቃል ይሰማል።"

ዙልፋ ይህን ለሃቢብ ስትነግረው አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ፊቱ አመድ መሰለ። ጴንጤዎቹ በሙሉ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቶሎሳ ባላጠፋው ጥፋት ሲጸልዩለት ታየው። ነገ እነግረዋለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ጣቱ ገና አልዳነም አለ። ሃቢብ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ለወዳጁ አንዲት ቃል ለመተንፈስ ዕድሜውን ሙሉ የቆመበትን ጣውላ ማጣት ነበረበት፤ ያንን ጣውላ አንስቶ መስጠት አቃተው። ዙልፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሽንኩርትም ሥጋም አታስቆርጠውም። ቢላውን ሲያነሳ መጥታ ትቀበለዋለች።

መስፊያው ወጣ፣ ጣቱ ትንሽ ደርቆ ዳነ። ሃቢብ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሱሀይል በሩ ላይ አቀፈው። ደንበኞቹ አልሐምዱሊላህ እያሉ ተሰለፉ። አንዷማ ሃቢብ እስኪመለስ ድረስ ሥጋ አልበላሁም ብላ ማለች፤ ዋሽታለች፣ ግን ደስ የሚል ውሸት ነው። ሃቢብ የብረት ጓንቱን አጠለቀ፣ ቢላውን ሳለ፣ ከጣውላው ፊት ቆመ። ይህን ያህል ናፍቆት እንደነበር እሱም አላወቀም።

ከሰዓት በኋላ ቀና ሲል ቶሎሳ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ከስቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ተራው ደርሶ መስታወቱ ጋ ሲመጣ የሃቢብን ዓይን ሳይሆን የያዘውን ቢላ ነው ያየው።

"እንኳን ለዚህ አበቃህ" አለ።

"አሜን። ምን ልስጥህ? ሽንጡ ጥሩ ነው፣ ዝልዝል ላድርግልህ?"

"አይ፣ አይ" አለ ቶሎሳ ቶሎ ብሎ። "የተፈጨ ስጠኝ። የተፈጨው ይበቃኛል።"

ቶሎሳ የተፈጨ ሥጋ በልቶ አያውቅም። ከሊንደን ጊዜያቸው ጀምሮ የተፈጨ ነገር የታመመ ሰው ምግብ ነው እያለ ነው የኖረው። ሃቢብ ወደ ማሽኑ ሊዞር ሲል ነገሩ ገባው። መፍጫው ቁልፍ ሲጫኑት ነው የሚሠራው፣ ቢላ አያስነካም። ይሄ ሰው ዌስተርቪል ድረስ የማይበላውን ሥጋ ይዞ ሊመለስ የፈለገው ሃቢብ በእሱ ምክንያት ዳግመኛ ስለት እንዳይጨብጥ ነው። አፍሮ ራሱን ጠላ፤ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለም።

ቢላውን ጣውላው ላይ አስቀመጠ። የብረት ጓንቱን አወለቀ። ሁለት እጁን በመስታወቱ ላይ አሻግሮ ለቶሎሳ ዘረጋለት።

"ዓይኔን ልጨፍን ነው" አለ። "ከሁለቱም የፈለግከውን ጣት ጫፉ ላይ ጫነው። የትኛው እንደሆነ እነግርሃለሁ።"

ቶሎሳ የዳነውን ጣት ሊያሳየው የፈለገ መስሎት ነበር። ፊቱ ፈካ አለ፣ ሰልፍ የያዙትም ሰዎች ፈገግ አሉ። ሱሀይል ከኋላ በመጋዙ አጥንት እየቆረጠ ነው። ሃቢብ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ቆየ።

"ጫነዋ" አለ።

ቶሎሳ ወደ መስታወቱ ይበልጥ ተጠጋ።

"ቶሌ፣ አትፍራ። በደንብ ጫነው።"

"ይዤዋለሁ እኮ" አለ ቶሎሳ። ድምፁ ቀጠነ። "ከቅድም ጀምሮ ይዤዋለሁ። በጥፍሬ ነው የያዝኩት።"

"አዎ" አለ ሃቢብ። "ካምፕ ከመውጣታችንም በፊት እንዲህ ነበር። ሰንጢዋ ምንም አልሆነችም፣ እኔ ነኝ አለመቆለፏን ያላወቅኩት። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩህ። አፉ በለኝ።"

የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ቶሎሳ ጣቱን አልለቀቀም፤ በሁለት እጁ ይዞት ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ሃቢብ ዓይኑን ሲገልጥ ሱሀይል አጠገቡ ቆሟል። ቢላውን ከጣውላው ላይ ቀስ ብሎ አነሳና ይዞት ወደ ውስጥ ገባ።